በአሮጌ ማሊቡ ወደ ዲትሮይት፣ በፍልሰታ ሳምንት

ማክሰኞ

ዲትሮይት ከምኖርበት ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ምዕራብ ነው። እኛ ግን ጠዋት ተነስተን ወደ ባልቲሞር፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ ነዳን። ምክንያቱ መኪናዋ ናት።

የ1970 ሸቭሮሌት ሸቬል ማሊቡ ናት። ሁለት በር፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ 350 ኪዩቢክ ኢንች ባለ ስምንት ሲሊንደር (ቪ8) ሞተር፣ በእኛ አቆጣጠር 5.7 ሊትር። ከፊት መስታወቱ ሥር የተለጠፈው የሻንሲ ቁጥሯ 136370ቢ ብሎ ይጀምራል። ማንበብ ለለመደ ሰው ይህ ብዙ ይናገራል። 1 ሸቭሮሌት ነው። 36 ማሊቡ ባለ ቪ8፣ 37 ሁለት በር፣ 0 የ1970 ሞዴል። ቢ ደግሞ ባልቲሞር። ከቤቴ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ነው የተሠራችው ማለት ነው። በውድዋርድ ጎዳና ላይ በየዓመቱ ለሚደረገው የአሮጌ መኪኖች ጉዞ፣ ለውድዋርድ ድሪም ክሩዝ፣ ዲትሮይት ድረስ የምወስዳት ከሆነ መጀመሪያ የተወለደችበትን ቦታ አይታ ትሂድ አልኩ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ዓይን አላት እንዴ?» አሉ። ግን ቀበቷቸውን አስረው ቁጭ አሉ።

አጎቴን ጋሼ እያልኩ ነው ያደግኩት። አዲስ አበባ ቮልስ ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ናቸው፤ እዚህም መጥተው ቨርጂኒያ ውስጥ በጋራዥ ሥራ ጡረታ ወጥተዋል። የአሜሪካ ትልቅ መኪና ለእሳቸው እስከ ዛሬ «ቤንዚን ጠጪ» ነው። ይሁንና የዚህችን ሞተር ያወረዱት፣ ቴስታዋን የከፈቱት፣ መልሰው የገጠሙትም እሳቸው ናቸው። እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ ብል ብዙ አልዋሸሁም።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር ጋሼ መጾማቸውን ነው። ክሩዙ የሚውለው በኦገስት ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ፍልሰታ ደግሞ ከኦገስት 7 እስከ 21። ቀኑን እንዴት ብታገላብጡት ከጾሙ አይወጣም። ስለዚህ የኋላው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ከክሪኩ፣ ከመፍቻ ሳጥኑና ከትርፍ ቺንጋዎቹ ጎን በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሱፍና አንድ ትልቅ ፔርሙዝ ተጭኗል።

የባልቲሞሩ ፋብሪካ ብሮኒንግ ሀይዌይ ላይ ነበር። በ1935 ተከፈተ፣ በ2005 ተዘጋ። አሁን ቦታው ላይ የአማዞን መጋዘን ቆሟል፣ ግራጫ፣ መስኮት የሌለው፣ የትም ከተማ ብታዩት የማይለይ። ወደቡ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ከመርከብ የወረዱ አዳዲስ መኪኖች ሜዳ ሙሉ ተደርድረዋል። መኪና ይሠራ የነበረበት ሰፈር የውጭ መኪና ማራገፊያ ሆኗል። ባሕሩ ላይ ደግሞ በ2024 መርከብ ገጭቶ የጣለው የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ የነበረበት ቦታ አለ። ፎቶ ልናነሳ መንገድ ዳር ስንቆም አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጣ። ሊያባርረን ነው ብዬ ስዘጋጅ መኪናዋን ዞሮ አያትና «ኤስ ኤስ ናት?» አለኝ።

«አይ፣ ማሊቡ ናት።»

«አሃ» አለና ሄደ።

ይህቺ ጥያቄ መንገዱን ሙሉ ስለምትከተለን አሁኑኑ ላስረዳ። ኤስ ኤስ ማለት ሱፐር ስፖርት ነው፣ የሸቬል ጉልበተኛዋ። ጀነራል ሞተርስ መካከለኛ መጠን ያላቸው መኪኖቹ ላይ ከ400 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገጠም ይከለክል ነበር። ለ1970 ክልከላውን ሲያነሳ ሸቬል ኤስ ኤስ 454 መጣች፣ 7.4 ሊትር። ኤል ኤስ 6 የሚባለው ሞተሯ 450 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ነው የተመዘገበው። የእኔዋ 250። ችግሩ በዚያ ዓመት ኤስ ኤስ ራሱን የቻለ ሞዴል ሳይሆን ገዢው ከፍሎ የሚያስጨምረው ጥቅል ነበር፤ የሻንሲ ቁጥሩ ላይ አይወጣም። ኤስ ኤስም ሆነች ተራ ማሊቡ ሁለቱም 136 ብለው ይጀምራሉ። የዋጋቸው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ነው። እንግዲህ ቁጥሩ የማያጋልጥ ከሆነ፣ ባጅ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ከሆነ፣ ሰው ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅታችሁም።

የእኔዋም ስገዛት ቀይ ነበረች። ኮፈኗ ላይ ሁለት ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ፍርግርጓ መሃል ኤስ ኤስ የሚል ባጅ። ሻጩ እውነቱን ነው የነገረኝ፣ እኔም ስገዛት እንዲሁ ነበረች፣ ማረጋገጫ የለኝም አለ። ዋጋውም የማሊቡ ዋጋ ነበር። ግን ልቤ ውስጥ «ምናልባት» የምትል ነገር ነበረች፣ አልክድም። ዳሽቦርዱን ሳይ ጥርጣሬዬ ጨመረ፤ ኤስ ኤስ ላይ ክብ ክብ ጌጆች ናቸው፣ የእኔዋ ረጅም አግድም የፍጥነት መለኪያ ነው ያላት። የፊት ፍሬኗም ዲስክ መሆን ሲገባው ታምቡር ነው።

ነገሩን የቆረጠው ወረቀት የተገኘው ሰልባትዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ታንኩን ስናወርድ ነው። የፋብሪካ ሠራተኞች እያንዳንዷ መኪና ላይ ምን ምን እንደሚገጠም የሚነግራቸው ወረቀት ነበራቸው። ሥራው ሲያልቅ ብዙ ጊዜ ወንበር ሥፕሪንግ ውስጥ ወይም ሰልባትዮው አናት ላይ ይቀራል። ጋሼ በክሪክ ደግፈው ቀስ ብለው ሲያወርዱት ላዩ ላይ ቡናማ የሆነ፣ ጠርዙን አይጥ የበላው ወረቀት ተጣብቆ አየን። በውኃ ርጭት እያለሰለስን፣ በቀጭን ላሜራ እየፈነቀልን አወጣነው። ማሊቡ። 350 ባለ ሁለት ቀዳዳ ካርቡራቶር። አውቶማቲክ ካምቢዮ። ቀለም ጥቁር አረንጓዴ። የኤስ ኤስ ኮድ የለም።

ጓደኞቼ ወረቀቱን ደብቀው አሉኝ። እውነቴን ነው፣ ሦስት የተለያየ ሰው ነው የመከረኝ። ባጆቹን አውልቄ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳቸው፤ ቀለሙንም ወረቀቱ እንዳለው አረንጓዴ አደረግኩት። ዋጋዋን በገዛ እጅህ ጣልከው ያለኝ ብዙ ነው። ይሁን። ያልሆነችውን ናት እያልኩ ነዳጅ ማደያ ሁሉ መዋሸት ይደክመኛል።

ከባልቲሞር በኢንተርስቴት 70 ፍሬድሪክ ደርሰን አሮጌውን 40 ቁጥር መንገድ ያዝን። ሳይድሊንግ ሂል ላይ ተራራውን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቀው ነው መንገድ ያሳለፉበት፤ የድንጋዩ ድርብርብ ጎብጦ ይታያል። ከምበርላንድ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ጋሼ በሶ በጠበጡ፣ ተኛን።

ረቡዕ

ዛሬ ተራራ ነው የዋልነው።

ይህ 40 ቁጥር መንገድ ብሔራዊ መንገድ ይባል የነበረው ነው። በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የተሠራ የመጀመሪያው አውራ ጎዳና ሲሆን፣ ሥራው በ1811 የጀመረው እዚሁ ከምበርላንድ ነው። ሰፊው 68 ቁጥር ከጎኑ ስላለ ጭነት መኪናው ሁሉ ወደዚያ ሄዷል። አሮጌ መኪና መንዳት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፤ የምትነዳው በ45 ማይል ነው፣ ማንም ከኋላህ አይጮህም። ግራንትስቪል ጋ የ1813 የድንጋይ ድልድይ አለ፣ ካሰልማን የሚባል፣ አንድ ትልቅ ቅስት። ያኔ በአገሩ በዓይነቱ ረጅሙ እሱ ነበር። ጋሼ ዙሪያውን ዞረው የጎንደርን ድልድዮች እያነሱ ብዙ አወሩኝ።

ከዚያ ዳገቱ ላይ መኪናዋ መነጫነጭ ጀመረች። ቤንዚን እሰጣታለሁ፣ አትቀበልም። አንዴ ትስባለች፣ አንዴ ትለቃለች። በመጨረሻ ቀጥ አለች። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ዳገቱም ረጅም።

ኮፈን ከፍተን ሳናበቃ ጋሼ «ቤንዚኑ ፈልቷል» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህች መኪና የቤንዚን ፓምፑ ሞተሩ ጎን ላይ የተለጠፈ፣ በሞተሩ የሚገፋ ነው። ከሰልባትዮው ድረስ ቤንዚኑን ይስባል፣ ከዚያ በቀጭን የብረት ቱቦ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡራቶር ይልካል። ቱቦው የሚያልፈው በጋለ ሞተር አጠገብ ነው። የአሁኑ ቤንዚን ደግሞ ኤታኖል የተቀላቀለበትና ለኢንጀክሽን መኪና የተዘጋጀ ነው፤ ኢንጀክሽን ውስጥ ቤንዚኑ በከፍተኛ ግፊት ስለሚሄድ አይተንም፣ እዚህ ግን ግፊቱ ትንሽ ነው። ቱቦው ውስጥ ይተናል፤ ፓምፑ ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት አይችልም። ሞተሩ በጥም ይቆማል። መፍትሔው መጠበቅ ነው፣ ወይም ማቀዝቀዝ። ጋሼ ፎጣ በውኃ ነክረው ፓምፑና ቱቦው ላይ ጠመጠሙ።

አንድ በፒክአፕ የሚያልፍ ሽማግሌ ቆመ። አየንና ሳይጠይቅ ከመኪናው የእንጨት ልብስ መቆንጠጫዎች አምጥቶ ቱቦው ላይ በተርታ ሰካቸው። ይሄ የድሮ የአሜሪካኖች ዘዴ ነው፣ ሙቀቱን ያስቀራል ይላሉ። ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ያዩታል። ሞተሩ ተነሳ። ሽማግሌው መቆንጠጫው ነው አለ፣ ጋሼ ፎጣው ነው አሉ በአማርኛ፣ እኔ ሁለቱንም አመሰገንኩ። ሲሄድ ዘወር አለና «ኤስ ኤስ ናት?»

ምሳ ሌላ ጣጣ ነበር። የገባንበት ምግብ ቤት ሰላጣው ላይ እንኳ አይብና የአሳማ ሥጋ ይነሰነሳል። ጋሼ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ምንም አይቀምሱም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ድንቹ የተጠበሰበትን ዘይት ይጠይቃሉ። አስተናጋጇ ተጨነቀች፣ በጣም ደግ ልጅ ነበረች፣ ወጥ ቤት ሦስቴ ተመላለሰች። በመጨረሻ እኔ በላሁ፣ እሳቸው መኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈኑን ጠረጴዛ አድርገው በሶአቸውን ጨበጡ። ስወጣ መኪናዋን ከበው የቆሙ ሰዎች እጅ ላይ ዳቦ ቆሎ አየሁ።

ፎርት ኔሴሲቲን በመንገድ ላይ አየናት፣ ወጣቱ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1754 ለፈረንሳዮች እጁን የሰጠባት ትንሽ የእንጨት አጥር። ብዙ አልቆየንም። ከእሷ ቀጥሎ ያለው ነገር ነበር ያሳሰበኝ፤ ከተራራው ጫፍ እስከ ዩኒየንታውን የሚወርደው ቁልቁለት። ለጭነት መኪና የማስጠንቀቂያ ሰሌዳው ብዛት ብቻ ይበቃችኋል።

የታምቡር ፍሬን ጠባይ እንዲህ ነው። ሸራው ከውስጥ ወደ ውጭ ተገፍቶ ታምቡሩን ይይዛል። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ማለትም ከሸራው ይሸሻል። ሸራው ራሱም ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ሙቀቱ ደግሞ ተዘግቶ ነው ያለው፣ ንፋስ አያገኘውም። መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ይይዛል፣ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ፔዳሉ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከዚያ እግርህን ብትጭን ባትጭን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ገና ከላይ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አወረድኩት፣ ሞተሩ እየጮኸ እንዲይዛት። ፍሬን የምነካው አልፎ አልፎ፣ ጠንከር አድርጌ፣ ወዲያው እለቃለሁ። ጋሼ ቀኝ እግራቸውን ወለሉ ላይ ተክለው ነበር፣ የሌለ ፍሬን እየረገጡ። ታች ስንደርስ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል፣ ጎማው ቸርኬ ጋ እጅ አያስጠጋም። ጋሼ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ቤት ስንደርስ ስለ ዲስክ እናወራለን።»

ማታ አክሮን፣ ኦሃዮ።

ሐሙስ

ጠዋት ታልማጅ ወደሚገኘው ሰሚት ሬሲንግ የመለዋወጫ መደብር ገባን። ከአክሮን አፍንጫ ሥር ነው። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ግራ ቀኝ አዩና «ይሄማ ጣሪያ ያለው ሶማሌ ተራ ነው!» አሉ። ልዩነቱ ከራስህ መኪና ላይ የተፈታ ዕቃ መልሰው አለመሸጣቸው ነው፣ ብለውም ጨመሩ።

ከካርቡራቶሩ ሥር የሚገባ ሙቀት የሚከላከል ወፍራም ጓርኒሲዮንና ለቤንዚን ቱቦው የሙቀት መከላከያ መሸፈኛ ገዛን። መኪና ማቆሚያው ላይ ገጠምነው። ካርቡራቶሩ አራት ብሎን ነው፣ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ሥራ። የልብስ መቆንጠጫዎቹን ግን አላወለቅኳቸውም።

ሰዎች የሚገርማቸው ለሃምሳ ዓመት መኪና ዕቃ ከየት ይገኛል የሚለው ነው። ለሸቬል ዕቃ መፈለግ ከባድ አይደለም፤ ለአሥር ዓመት መኪና ከመፈለግ ይቀላል። ብዙ ስለተሠራችና ብዙ ሰው ስለሚወዳት መከላከያውን፣ ወለሉን፣ የኋላ ጎኑን፣ የበር ላስቲኩን፣ የዳሽቦርድ ፕላስቲኩን ሳይቀር አዲስ አድርገው ይሠራሉ። ጥራቱ ግን እኩል አይደለም። እኔ የገዛሁት የግራ የኋላ ጎን ላሜራ ከበሩ ጋር ያለውን መስመር እስኪይዝ ድረስ ስንት ጊዜ እንደተገጠመና እንደተነሳ ጋሼን ጠይቋቸው። ላሜራ ሠራተኛው በመጨረሻ ቆርጦ መልሶ ነው የበየደው።

ሸቬል ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ሞተሩን ተዉት፣ ዝገቱን እዩ። ሞተር ርካሽ ነው፣ ሸቭሮሌት 350ን በሚሊዮኖች ነው የሠራው። ዝገት ግን ገንዘባችሁን የሚበላው እሱ ነው። የኋላ መስታወቱ ሥር፣ መጀመሪያ። እዚያ ውኃ ይቋጥርና ወደ ዕቃ መጫኛው ወለል ይወርዳል። ከዚያ ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ያለው የታችኛው ጎን። ከዚያ ምንጣፉን ገልጣችሁ የሾፌሩን እግር ሥር። ጣሪያው ቪኒል የለበሰ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን እየጫናችሁ ሂዱ፣ ከሥር ጉብ ጉብ ያለ ነገር ከተሰማችሁ ተሰናበቱ። እኛ ሰፈር በክረምት መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ የሜሪላንድ መኪና ያልበሰበሰ የለም። ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ ላይ ይወድቃል። የእኔዋ የቀኝ ጎኗ ላይ ማግኔቱ ከፊት ጎማ እስከ በሩ ድረስ ምንም አልያዘም። ቀዩ ቀለም ሲፋቅ ከሥሩ የወጣው ስቱኮ ውፍረት ጣቴን ያህል ነበር።

ከታልማጅ በኋላ ኦሃዮ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ በቆሎ። መኪናዋ አንዴም አልተነጫነጨችም። በጋሎን ከ14 ማይል ብዙም አትዘልም፣ በየማደያው እንቆማለን፣ በየማደያው ያቺ ጥያቄ ትመጣለች። ከቶሊዶ አጠገብ አደርን።

ዓርብ

ዲትሮይት መሃል ከተማ ገብተን ውድዋርድን ከወንዙ ጀምረን ወደ ሰሜን ያዝነው። ይህን ማድረግ ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ዓርብ ጠዋት ነው፣ ቅዳሜ አይነቀነቅም።

ሃይላንድ ፓርክ ላይ የፎርድ የድሮ ፋብሪካ አለ። ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር በ1913 የተጀመረው እዚህ ነው፣ ሞዴል ቲን የሚገጥሙበት። በቀጣዩ ዓመት ፎርድ በቀን 5 ዶላር እከፍላለሁ ሲል ሥራ ፈላጊ በሩን አጨናነቀው። ሕንፃው ቆሟል፣ ብዙው ክፍሉ ባዶ ይመስላል። ጋሼ ከመኪና ወርደው አጥሩ ጋ ቆዩ። ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ፣ በስድስት ማይልና በሰባት ማይል መንገዶች መካከል፣ በ1909 በአገሩ የመጀመሪያው የኮንክሪት አውራ ጎዳና አንድ ማይል የተነጠፈው በዚሁ ውድዋርድ ላይ ነው። ስምንት ማይል የሚባለውን መንገድ ሲያልፉ ፈርንዴል ይመጣል፣ ከዚያ ሮያል ኦክ፣ በርሚንግሃም፣ በመጨረሻ ፖንቲያክ ከተማ።

እንደ ኤስ ኤስ ያሉትን ጉልበተኛ መኪኖች ያሳደጋቸው ይህ መንገድ ነው። ሰፊ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው፣ በየርቀቱ መብራት አለው። በ1960ዎቹ ማታ ማታ ወጣቶች ከመብራት እስከ መብራት ይሽቀዳደሙበት ነበር። ከእነሱ ጋር የፋብሪካዎቹ መሐንዲሶችም ነበሩበት፣ ቢሯቸው ቅርብ ነው። ጆን ዴሎሪያን በጀነራል ሞተርስ የፖንቲያክ ክፍል ከባልደረቦቹ ጋር ትልቁን 389 ሞተር ትንሿ ቴምፐስት ውስጥ ከተቱት። ድርጅቱ ያኔ ለዚያ መጠን መኪና ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር ስለማይፈቅድ እንደ ሞዴል ሳይሆን እንደ ተጨማሪ ጥቅል አድርገው አወጡት። የ1964 ጂቲኦ እንዲህ ተወለደች። ስሙን ከፌራሪ ወሰዱት፣ የፌራሪ ወዳጆች ተናደዱ። አለቆቹ ብዙ አትሸጥም ብለው ነበር፣ በመጀመሪያው ዓመት 32,450 ተሸጠች። የፖንቲያኩ የማስታወቂያ ሰው ጂም ዋንገርስ ከዚሁ መንገድ አጠገብ ሮያል ኦክ ከነበረው ሮያል ፖንቲያክ ከሚባል መኪና መሸጫ ጋር ሆኖ መኪኖቹን ያፋጥናቸው ነበር። ሌሎቹ ተከተሉ።

ዕድሜያቸው ግን አጭር ነው። ኢንሹራንሱ ለወጣት የማይቀመስ ሆነ። የአየር ብክለት ሕግ በ1970 ጠበቀ። ለ1971 ጀነራል ሞተርስ ሁሉም ሞተሮቹ ዝቅተኛ ኦክቴን ቤንዚን እንዲጠቀሙ ኮምፕሬሽናቸውን ቀነሰ። በ1973 የነዳጅ ማዕቀቡ ሲመጣ የተረፈ ብዙም አልነበረም። ይህን ሁሉ ለጋሼ ስተርክ ሰምተው ሰምተው፣ «ቮልስ ግን እስከ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ይሠራ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ማታ አንድ የሀበሻ ምግብ ቤት አገኘን። የጾም በያይነቱ፣ ትኩስ እንጀራ፣ ቡና። ጋሼ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው በሉ። አስተናጋጁ ለክሩዙ ከሜሪላንድ ድረስ በመኪና መጣን ስንለው «በዚያች?» ብሎ በመስኮት ተመለከተ። ነገ መንገዱ ስለሚዘጋጋ ዕቃ የሚያመጣለት መኪና አይገባም፣ ክሩዙ ለእሱ ራስ ምታት ነው።

ቅዳሜ

ይህ ነገር የተጀመረው በ1995 ነው፣ ፈርንዴል ውስጥ ለልጆች የእግር ኳስ ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ። አሁን አዘጋጆቹ መኪናውን በአሥር ሺዎች፣ ተመልካቹን እስከ አንድ ሚሊዮን ይቆጥሩታል። እኛ ገና ሳይነጋ ነው የገባነው፤ በዚያ ሰዓት እንኳ ሣሩ ላይ ተጣጣፊ ወንበር የዘረጉ ቤተሰቦች ነበሩ። አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የበረዶ ሳጥን። ከየፊታቸው የሚያልፈውን ያጨበጭቡለታል።

ድምፁን በጽሑፍ ማስረዳት አልችልም። ከፊቴ ብርቱካንማ ዶጅ ቻሌንጀር፣ ከኋላዬ ሁለት ሙስታንግ፣ ከጎኔ ወይን ጠጅ ፕሊመዝ። በዚያ ዘመን የዶጅና የፕሊመዝ ባለቤት ክራይስለር ለቀለሞቹ ያወጣቸውን ስሞች አለማንሳት ይሻላል፣ ጠጥተው ነው የሰየሟቸው። ጎማ ማጨስ ክልክል ነው፣ ፖሊሱ በየመገናኛው ቆሟል። ቢሆንም በየአሥር ደቂቃው አንድ የማያስችለው አለ።

እኩለ ቀን ላይ የሙቀት መለኪያዬ መውጣት ጀመረ። በእግር ፍጥነት እየሄድክ፣ አስፋልቱ ግሎ፣ ከፊትህ የሚመጣ ንፋስ የለም፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ቬንቲላተሩ ብቻ ነው፣ እሱም በሞተሩ ስለሚዞር ሞተሩ ሲዘገይ ይዘገያል። ጋሼ ማሞቂያውን ክፈት አሉ። በኦገስት። ማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ከሞተሩ ሙቀት ወስዶ ወደ እኛ ይነፋዋል። መለኪያው ወረደ፣ እኛ በሰብን። አጠገባችን ያለው ሰውዬ መስታወት አውርዶ ሳቀብንና የእሱንም ከፈተ።

ከሰዓት በኋላ በርክሊ ላይ ከመንገድ ወጥተን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቆምን። ከጎናችን በተጎታች የመጣች ኤስ ኤስ 454 ነበረች፣ እውነተኛዋ፣ ወረቀቷ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ከፊቷ የቆመላት። ሞተሩ ላይ ፋብሪካው በቾክ የጻፈውን ምልክት ሳይቀር መልሰው ጽፈዋል። በጣም ታምራለች። ባለቤቷ በዓመት ስንት ማይል እንደሚነዳት ስጠይቀው ከተጎታቹ እስከዚህ አለ። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከሥሯ አዩና «የአስከሬን ያህል ንጹሕ» አሉ፤ ደግነቱ በአማርኛ ነው። እኔ ግን እንደ ጋሼ አልፈርድበትም። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ባይኖሩ ትክክለኛው ብሎን ምን ዓይነት ራስ እንደነበረው ማን ያውቅ ነበር? የእኔን ወረቀት ሳነብ ኮዶቹን የፈታሁት እነሱ ባጠናቀሩት ነው። ብቻ እኔ እንደዚያ መኖር አልችልም።

ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ መጣች። ኤስ ኤስ ናት? አይ። ኤስ ኤስ ናት? አይደለችም። አብዛኛው ሰው ጥሩ ጥሩ ብሎ ያልፋል። ማምሻውን አንዲት ሴትዮ፣ ሰባዎቹን የያዙ፣ ቆመው በመስኮት ወደ ውስጥ አዩ። አግዳሚውን ወንበር፣ ያንን ረጅም የፍጥነት መለኪያ። «እናቴ ይህቺው ነበረቻት» አሉ። «ሁሉም ሰው ኤስ ኤስ ነበረን ይላል፤ ሰፈራችን ውስጥ ግን ማሊቡ ነበር የሞላው።» መንዳት የተማሩት በእሷ ነው። ግቡና ተቀመጡባት አልኳቸው። መሪውን ያዙ፣ የማርሹን ዘንግ ከመሪው ሥር በእጃቸው ፈለጉ፣ አገኙት፣ ሳቁ። ከዚያ የመጣሁበትን አገር ጠየቁኝ፣ ጋሼ ዳቦ ቆሎ አቀረቡ፣ ቆሎው ጥርሳቸውን እንዳይሰብረው ፈራሁ።

እሑድ

ጋሼ ሳላስቀድስ አልመለስም አሉ። ማታ በስልክ ጠይቀው ያገኙት ቤተ ክርስቲያን ሄደን፣ በሙቀትና በጩኸት የደከመ ጆሯችንን አሳርፈን፣ ረፋድ ላይ መንገድ ጀመርን። ተራራውን አልደግመውም ብያለሁ። በኦሃዮ ተርንፓይክ፣ ከዚያ በፔንሲልቬንያ። ጭነት መኪኖቹ ሲያልፉን መኪናዋ ትወዛወዛለች። ግን ቀጥ ያለ መንገድ ነው።

ስለ ዲስክ ፍሬን የተባለው ክርክር የተጀመረው ገና ከቶሊዶ ሳንርቅ ነው። እኔ ወረቀቱ ታምቡር ነው የሚለው፣ ወረቀቱን ተከትዬ ቀለም ካስለወጥኩ በኋላ ፍሬኑን ብቀይር ምን ትርጉም አለው አልኩ። ጋሼ «ወረቀቱን ፔዳሉ ሥር አድርገውና ሲይዝልህ አያለሁ» አሉ። ቀለም ሰው አይገድልም፣ አሉ። ዩኒየንታውን ላይ እኔ ጸሎት ስደግም አንተ ስለ 1970 ታስብ ነበር፣ አሉ። ሁለት ማረፊያ ጣቢያ አልፈን ተስማማን። ከፊት ዲስክ ይገባል። ታምቡሮቹ፣ ሸራዎቹ፣ ሥፕሪንጎቹ ሁሉ በዘይት ተቀብተው፣ ስማቸው ተጽፎባቸው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንድ ቀን መመለስ የሚፈልግ ሰው ካለ ይመልሳቸዋል። ከኋላ ያለው ታምቡር እንዳለ ይቆያል፣ ብዙውን የሚይዘው የፊቱ ነው።

ዕቃውን እዚያው ቡና ስንጠጣ በስልክ አዘዝኩት። በሚመጣው ሳምንት ይደርሳል። ያኔ ጾሙ ተፈትቷል፣ ጋሼም ከአሁኑ አስታውቀዋል፤ ጥብስ ሳይቀርብ ክሪክ አያነሱም።